መጠየቅ መናቅ ነውን?

አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ነው። ቦምቤ ገበያ አጠገብ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ በቴሌቪዥን እናያለን። አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥተው ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ስለ ምን እንደ ነበረ ዛሬ አላስታውስም። የማስታውሰው አጠገቤ የነበሩትን አዛውንት ነው። የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና፣ «ልጃችንን ምን ያደርቁታል!» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አዛውንቱ «ልጃችን» ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። አቶ ኃይለማርያም የእኛው የቦሎሶ ሰው ናቸው፤ የእምነት ሰው መሆናቸውንም አገር ያውቃል። ስለዚህ እርሳቸውን የጠየቀ ሁሉ እኛን የደፈረ መሰለን። ያ ሳቅ ያን ቀን አላሳሰበኝም። ከዓመታት በኋላ ግን አንድ ሰው በእኔ ዝምታ ምክንያት ሲጎዳ ካየሁ ወዲህ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ዛሬ ከእናንተ ጋር ልወያይበት የምፈልገው ጥያቄም ከዚያ የመጣ ነው፦ መሪን ስለ ሥራው መጠየቅ እርሱን መናቅ ነውን?

በቤተ ክርስቲያን ያደግን የወላይታ ልጆች ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው ይመስለናል። በቤታችን ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 13 ላይ ሥልጣን ከእግዚአብሔር መሆኑን፣ ለሥልጣንም መገዛት እንደሚገባ ያስተማረውን ሰምተናል። በዚህ ላይ የአገራችን የቆየ አባባል ይጨመርበታል፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» ሦስቱ ሲደመሩ አንድ ልማድ ሠርተውብናል። ጥያቄ ያነሣን ሰው ስናይ የተናገረውን ከመመዘናችን በፊት ልቡን እንጠረጥራለን።

የአገራችን ሕግ ግን ስለ ሥልጣን የሚለው አለ። ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን የፌዴራሉ መንግሥት ከፍተኛ የሥልጣን አካል ያደርገዋል፤ ተጠሪነቱ ደግሞ ለሕዝብ ነው። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለ ሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ እንደሚወያይና አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ መውሰድ እንደሚችል ይናገራል። በአንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ ማንኛውም ኃላፊና ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል።

ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነገር በሥራ ሲተረጎም እንዲህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። መንግሥት በጀቱን ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ለ2017 በጀት ዓመት የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። በዚህ ገንዘብ ውስጥ እናቶቻችን ሳሙናና ዘይት ሲገዙ የከፈሉት ሳንቲም አለበት። ከዚያ በኋላ ሚኒስትሮች በቋሚ ኮሚቴዎች ፊት ቀርበው ያቀዱትንና የሠሩትን ያስረዳሉ፤ የኮሚቴ አባላትም ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ወርደው ያያሉ። በመጨረሻ ኦዲተሩ ገንዘቡ በታዘዘለት ነገር ላይ መዋሉንና አለመዋሉን ይናገራል። ማጽደቅ፣ መከታተል፣ መመርመር፦ ሦስቱም አንድ ሥራ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሥርዓተ ጸሎት ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

እንግዲህ ሮሜ 13ን ከዚህ ጋር አብረን እናንብበው። ለሥልጣን ተገዙ ከተባልን፣ በእኛ አገር ሥልጣን የሚባለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የሚያስተዳድር አለ፣ የሚያስተዳድረውን እንዲጠይቅ የታዘዘም አለ፤ ሁለቱንም ያቆመው አንድ ሕግ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀው የምክር ቤት አባል ዐመፀኛ አይደለም። ለሥልጣን ያልተገዛው እንዲጠይቅ ተልኮ ዝም ያለው ነው። ዘብ የቆመ ወታደር አላፊውን «ማነህ?» ብሎ በመጠየቁ ባለጌ አይባልም። ተኝቶ ቢገኝ ግን ይቀጣል።

ይህ ክርክር አእምሮን ያሳምን ይሆናል። ልብን ግን አያሸንፍም፤ ቢያንስ የእኔን አላሸነፈም። ልቤን ያሸነፈው በአጥቢያችን የሆነ ነገር ነው።

እኛ ወጣቶች ሞንታርቦና ኪቦርድ ለመግዛት ገንዘብ ስናሰባስብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የምእመናንን ዝንጅብል እየቆፈርን፣ አፈሩን እያራገፍን፣ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላን የቀን ሥራ እንሠራለን፤ የሚከፈለን ወደ ኅብረቱ ሣጥን ይገባል። ገንዘብ ያዣችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩን ሰው ነበሩ። ሣጥኑ ሲሞላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዕቃውን ገዝተው መጡ። እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሒሳብ መርማሪ ሆኜ ተመርጬ ነበር። ሥራችን ደረሰኙን ማየት፣ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር፣ ለዓመታዊው ጉባኤ መናገር ነው።

አላየንም። ሦስታችንም እርስ በርስ ተያየንና «ጋሼን ደረሰኝ አምጡ ማለት ይከብዳል» አልን። ያስተማሩንን ሰው እንዴት ብለን? የጉባኤው ቀን ሰብሳቢው፣ «ሒሳቡ ተመርምሯል?» ብለው ሲጠይቁ የተነሣሁት እኔ ነኝ። «አይተነዋል፤ ልክ ነው» አልሁ። ጉባኤው «አሜን» አለ። ጋሼን ያከበርኋቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ።

ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ልጅ፣ «ይህን ሞንታርቦ በዚህ ዋጋ ነው የገዛችሁት?» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ነገር ግን ያች ቃል ከወንበር ወደ ወንበር ሄደች። ጋሼን ፊት ለፊት የከሰሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ በሹክሹክታ ያልጠረጠረም ጥቂት ነበር። ነገሩ ጆሮአቸው ሲደርስ ደረሰኙን ፈለጉ። የተቀመጠበት ሣጥን በክረምቱ ፍሳሽ ረጥቦ ጽሑፉ ጠፍቷል። የገዙበትም ሱቅ ከቦታው ተነሥቷል። ሰረቁ? አልሰረቁም ብዬ አምናለሁ። ግን እኔ ማመኔ ለማን ይጠቅማል? «አይተነዋል፤ ልክ ነው» ያልሁት እኔ ሳላይ እንደ ነበር በዚያን ጊዜ ወጣ። ምስክርነቴ ሲፈለግ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ጋሼ መጀመሪያ አገልግሎቱን ተዉ። ከዚያ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ። ከዚያ ወደ ሌላ አጥቢያ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «የዚያን ቀን ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ደረሰኙ በኪሴ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በሻይ ቤቱ የሳቅሁት ሳቅ ይቆረቁረኝ ጀመር። ባለመጠየቄ ጋሼን አከበርኋቸው ብዬ ነበር፤ ግን ስማቸውን ያለ ጠባቂ ሜዳ ላይ ነው የተውሁት። የተጠየቀና የመለሰ ሰው ነፃ ነው፤ ነገ ማንም ቢያማው «ተጠይቄ መልሻለሁ» ይላል። ያልተጠየቀ ሰው ግን ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናው የሚታወቅበት መንገድ የለውም። በጊዜው ያልተነሣ ጥያቄ በኋላ ሐሜት ሆኖ ይመለሳል። ሐሜት ደግሞ መልስ አይቀበልም።

ጳውሎስ ይህን ያውቅ ነበር። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ስለ ማድረስ ሲጽፍ፣ አብረው የሚሄዱ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ወንድሞችን እንደሚልክ ይናገራል። ምክንያቱንም አይደብቅም፤ ስለዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፋቸው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ለማድረግ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሐዋርያ ነው፤ ራእይ አይቷል፤ ስለ ወንጌል ታስሯል። «እኔን የሚያምነኝ ይመነኝ» ማለት ይችል ነበር። ግን መርማሪን ራሱ ፈልጎ አስከተለ። ያመኑትን ሰው መጠየቅ አለማመን ቢሆን ኖሮ ጳውሎስ ይህን ባልጻፈው ነበር።

አሁን ከአጥቢያ ሣጥን ወደ አገር ሣጥን እንመለስ። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። ከዚያ በፊት በነበረው ምክር ቤት ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት የነበረውን ታላቅ ሥራ አንድ ብቻ ላንሣ፤ ስኳርን። በ2003 ዓ.ም. የጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አሥር አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች እንዲሠሩ ያስብ ነበር። ከሥራው ብዙው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ ለምንለው ድርጅት ተሰጠ። ከፋብሪካዎቹ ጥቂቱ ሩቅ አይደሉም፤ ኦሞ ኩራዝ ዛሬ የእኛው ክልል በሆነው በደቡብ ኦሞ ነው። ዕቅዱ በተያዘለት ጊዜ አልተፈጸመም። ከኪሎ ስኳር ወረፋ ጋር የኖረ ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን በራሱ ያውቃል።

ጥያቄ ፈጽሞ አልተነሣም ማለት ሐሰት ይሆናል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የነበሩት አቶ ገመቹ ዱቢሶ በየዓመቱ ምክር ቤቱ ፊት እየቀረቡ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከመመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዢ እያሉ መሥሪያ ቤቶችን በስም ይጠሩ ነበር። ችግሩ ከሪፖርቱ በኋላ ነበር። ሪፖርት ይነበባል፣ ያዘነም ያዝናል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ግኝት ተመልሶ ይመጣል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሜቴክ ከፍተኛ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ሲያዙ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ተደነቀ። እኔ ግን የጋሼ ድምፅ ነበር የሚሰማኝ። ምክር ቤት ያልጠየቀውን ፖሊስ ሲጠይቅ ዘግይቷል። ምክር ቤት ሲጠይቅ ሥራው ገና ሊቃና ይችላል፤ ፖሊስ ሲጠይቅ ግን ስለ ጠፋው ነው የሚጠይቀው። ከዚያም ወዲያ በሙያቸው በታማኝነት ያገለገሉት ሳይቀሩ ከወንጀለኛው ጋር በአንድ ዐይን ይታያሉ። «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሹም ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚያምን ሕዝብ የወለደው ነው። ሕዝብ እንዲህ የሚያምነው ደግሞ ሹም ሁሉ ሌባ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌባውን ከታማኙ የሚለይለት ሰው ስለ ጠፋ ነው።

«ታዲያ የምክር ቤት አባል ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ ሥርዓት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው፤ መንግሥት የሚመሠርተውም አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ወገን ነው። ስለዚህ አብዛኛው አባል የሚጠይቀው የራሱን ፓርቲ መሪ ነው፤ በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ የሚያደርገውን ወይም የሚያስቀረውን ሰው። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ ውክልና መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ የተወካዮች ጉባኤ ዋና ሥራ ማስተዳደር ሳይሆን የሚያስተዳድረውን መጠበቅና መቆጣጠር ነው ብሎ ተከራክሯል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ከተቃዋሚው ወገን እንዲሆንም ልማድ ሆነ። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ጠያቂው ከተጠያቂው እጅ የማይበላ እንዲሆን።

ብልሃቱ በሌለበት ግን ሰው ራሱ ይፈተናል። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ፈተና ውስጥ ያለፉ ሁለት ሸንጎዎችን ያሳየናል።

የመጀመሪያው በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 ነው። ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ ስንሰብክ አክዓብን እንወቅሳለን፣ ኤልዛቤልን እንወቅሳለን፣ ኤልያስን እናደንቃለን። በመካከል ያሉትን ግን እንዘላቸዋለን። ኤልዛቤል ናቡቴን በእጅዋ አልገደለችም። በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ ጻፈች፤ ደብዳቤውም ለከተማው ሽማግሌዎችና ከበርቴዎች ደረሰ። እነዚህ ናቡቴን የሚያውቁ፣ በአንድ ከተማ አብረውት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በታሪኩ ውስጥ አንዳቸውም «ለምን?» ሲል አንሰማም። ጾም ዐወጁ፣ ምስክር አቆሙ፣ ፈረዱ፣ ሥራው መፈጸሙንም ሪፖርት ላኩ። ሁሉ በሥርዓት ተደረገ። ክፉ ንጉሥ ብቻውን ይህን ያህል ክፋት አይሠራም፤ ደብዳቤውን ተቀብሎ የማይጠይቅ ሸንጎ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ነው። አለቆቹ ጌታን ለማስያዝ ወስነዋል። ከመካከላቸው አንዱ ኒቆዲሞስ ተነሥቶ አንዲት ጥያቄ አቀረበ፦ ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ፣ ያደረገውንም ሳያውቅ ይፈርዳልን? ልብ በሉ፤ አልጮኸም፣ ማንንም አልሰደበም፣ የራሳቸውን ሕግ ነው የጠቀሰላቸው። ለጥያቄው መልስ አልሰጡትም። አገሩን ጠየቁት፤ አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን? ይህን ስናነብ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንደነግጥ ይገባናል። ጥያቄ ያነሣን ሰው «የየት ሰው ነው? የማን ወገን ነው?» ስንል የኒቆዲሞስን ባልደረቦች ቃል እየደገምን ነው። «ልጃችንን ምን ያደርቁታል!» ብለው የተናገሩት አዛውንት፣ አብረን የሳቅነውም፣ ከዚያው ሸንጎ ነበርን።

ሕገ መንግሥቱ የኒቆዲሞስን ፍርሃት አስቀድሞ ያሰበ ይመስላል። በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በምክር ቤት በሰጡት ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት እንደማይከሰሱም ይጨምራል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ፓርቲ የለም። ኅሊና ግን አለ።

ይህ ቃል በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። አቶ ኃይለማርያም ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን በተናገሩ ማግሥት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዐወጀ፤ ለመጽደቅ የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልግ ነበር። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የደገፉት መጀመሪያ 346 ተብሎ ተነገረ፣ በኋላ 395 ነው ተብሎ ታረመ፤ ቆጠራው ራሱ መነጋገሪያ ሆነ። አዋጁ ጸደቀ። አዋጁ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ እዚህ አልገባም፤ ከእናንተ መካከል ሁለቱንም የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ ነው። በዚያ አዳራሽ ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ውጪ አንድም ሰው አልነበረም። 88ቱ እጃቸውን ያነሡት በገዛ ወንድሞቻቸው ፊት ነው። እጁን ደግፎ ያነሣውም ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሌላ ምርጫ አልነበረኝም» ማለት አይችልም፤ እንደነበረው ታይቷልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ይገባኛል፤ እኛ ወጣቶች አንዱን ጫፍ ትተን ወደ ሌላው ጫፍ መሮጥ ይቀናናልና። ጥያቄ ሁሉ ጥያቄ አይደለም። ለማዋረድ የሚጠየቅ አለ፤ ጠያቂው መልሱን ሳይሆን ጭብጨባውን ይጠብቃል። ለማወደስ የሚጠየቅም አለ፤ ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ሰላምታ ሆኖ ሲያበቃ የተጠየቀው ነገር አይታወቅም። ሁለቱም ተጠያቂውን አይጠቅሙም። እውነተኛ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት ሪፖርቱን ያነብባል፤ «ይህ ያህል ተመድቦ ነበር፣ ይህ ያህል ወጣ፣ ቀሪው የት ነው?» ይላል፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ መልሱ በቂ ከሆነ «አመሰግናለሁ፣ ረክቻለሁ» ለማለት አያፍርም፤ በቂ ካልሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ተመልሶ ይጠይቃል። ለእንዲህ ያለው ጠያቂ ከድፍረት በላይ ትጋት ያስፈልገዋል። ድፍረት የአንድ ቀን ነው። ሪፖርት ማንበብ ግን የየቀኑ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ስላለ አዳራሽ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ወደ ቦምቤ ይመልከት። እያንዳንዱ ወረዳ ምክር ቤት አለው፤ አፈ ጉባኤ አለው፤ በጀት ያጸድቃል፤ የወረዳውን አስተዳደር ይጠይቃል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ወላይታ ሶዶ ከክልሉ ማዕከሎች አንዷ ናት። ሥልጣን ቀርቦናል። ይህ መልካም ነው፤ አቤቱታችንን ይዘን ብዙ መንገድ አንሄድም። ነገር ግን ሥልጣን ሲቀርብ መጠየቅ ይከብዳል። ሩቅ ያለ ሚኒስትር ስም ብቻ ነው። የወረዳው ኃላፊ ግን የአጎት ልጅ ነው፣ ወይም በልቅሶ አብሮን የቆመ ጎረቤት፣ ወይም እሑድ አጠገባችን ቆሞ የዘመረ ወንድም። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የምንለው እዚህ ላይ ነው። ከእኛ መካከል ነገ የወረዳ ምክር ቤት አባል የሚሆኑ አሉ፤ ክልልና ፌዴራል የሚደርሱም ይኖራሉ። ዛሬ የወንድሙን ደረሰኝ ማየት ያፈረ፣ ነገ የሚኒስትርን ሪፖርት አይመረምርም። በተለይ ተጠያቂው «የእኛ ልጅ» ሲሆን፣ የእምነት ወንድማችን ሲሆን፣ በእኛ ላይ ያለው ዕዳ ይበዛል እንጂ አያንስም። የምንወደውን ሰው ስም ለሐሜት አሳልፎ መስጠት ፍቅር አይደለም።

በዚህ ዓመት ኅብረቱ እንደገና ሒሳብ መርማሪ አድርጎ መረጠኝ። «ያኔ ያደረግሁትን ታውቃላችሁ» አልኋቸው። «ስለምናውቅ ነው» አሉኝ። አዲሷ ገንዘብ ያዥ ከእኔ በዕድሜ ታላቅ እኅት ናቸው። ደረሰኞቹን እንድናይ ስጠይቃቸው ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቦርሳቸውን ከፈቱና አንድ በአንድ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘረጉልን። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። አንዱ ደረሰኝ አልተገኘም ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፈልገው አመጡት። የመጨረሻውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሬ ፊርማዬን ሳኖር ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እፎይ» አሉ።